በረኛ ያጣው ቡድን፦ የኮሞሮስ የአፍሪካ ዋንጫ ጉዞ (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ይህን ጉዳይ

ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት፣ ያውንዴ፣ ኦሌምቤ ስታዲየም። የኮሞሮስ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ የ16ቱ ዙር ከአዘጋጇ ካሜሩን ጋር ሊጫወት ሲሰለፍ ከመካከሉ አንድም በረኛ የለም። ጓንት ያጠለቀው የግራ መስመር ተከላካይ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ72። የለበሰው የበረኛ መለያ ላይ ያለው 3 ቁጥር በፕላስተር ተለጥፎ የተሠራ ነው። ጨዋታው በካሜሩን 2 ለ 1 አሸናፊነት አለቀ።

ወሬው በዚያው ሌሊት ዓለምን ዞረ። እስከ ዛሬም የሚነገረው በአንድ መልክ ነው፦ ትንሿ አገር በረኛ አጥታ ተሸነፈች፣ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች። ጨዋታውን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ በዚህ ትረካ ላይ ጥርጣሬ አደረብኝ። ኮሞሮስን ያሸነፋት የበረኛ መጥፋት አይመስለኝም። ለዚያ ችግር በቂ ዝግጅት ነበራት። የጎዳት ማንም ያልተዘጋጀበት ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

የተጫዋቾቹንና የአሰልጣኙን ስም አልጠቅስም። ለጉዳዩ የሚያስፈልገው የሥራ ድርሻቸው ነው።

ዳራ፦ ሦስት ደሴቶችና አንድ የፈረንሳይ ወደብ

ኮሞሮስ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል ያለች የሕንድ ውቅያኖስ አገር ናት። ንጋዚጃ፣ አንዡዋንና ሞሄሊ የተባሉ ሦስት ደሴቶች አሏት። እ.ኤ.አ. በ1975 ነጻነቷን ስታውጅ አራተኛዋ ደሴት ማዮት ከፈረንሳይ ጋር ቀረች። የሕዝቧ ቁጥር አንድ ሚሊዮን አይሞላም። በእኛ ዘንድ ስሟ በይበልጥ የሚታወቀው በአሳዛኝ ቀን ነው፦ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ የወደቀው በዚህች አገር ባሕር ዳርቻ ነበር። ከ175 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ሰዎች ተረፉ።

በእግር ኳስ ኮሞሮስ ዘግይታ የመጣች አገር ናት። ፊፋን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የቡድኑ ቅጽል ስም ሲላካንት ነው፤ ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1938 ደቡብ አፍሪካ ዳርቻ በሕይወት የተገኘ፣ በኮሞሮስ ውኃም የሚኖር ጥንታዊ ዓሣ። ከጥልቁ ብቅ ላለ ቡድን ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኃላፊነቱን የያዘው አሰልጣኝ ማርሴይ የተወለደ ኮሞሮሳዊ ነው። ከፊቱ የነበረው ጥያቄ ግልጽ ነበር። ደሴቶቹ ላይ ጠንካራ ፕሮፌሽናል ሊግ የለም፤ የሕዝቡም ቁጥር ትንሽ ነው። ነገር ግን ማርሴይን ጨምሮ በፈረንሳይ ከተሞች ብዙ የኮሞሮስ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ልጆቻቸው በፈረንሳይ ክለቦች ሠልጥነው አድገዋል። የፊፋ ደንብም በወላጅ አገር ለመጫወት ይፈቅዳል። ስለዚህ የአሰልጣኙ ሥራ እንደ ምልመላው ሁሉ ማሳመንም ነበረበት፦ በፈረንሳይ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ወጣት ለአባቱ አገር መለያ እንዲለብስ ማሳመን። ከዓመታት በኋላ አብዛኛው የቡድኑ አባል ፈረንሳይ የተወለደ ሆነ።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በስዊድን፣ በአሜሪካ፣ በእስራኤል ተወልደው ኳስ የሚጫወቱ የእኛ ልጆች ጥቂት አይደሉም። የእኛ ሕግ ግን ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ ነገሩ በማሳመን ብቻ የሚያልቅ አይደለም። የኮሞሮስን መንገድ «እኛስ?» ብሎ ለመቅዳት የሚቸኩል ይህን ልዩነት ማየት አለበት።)

ውጤቱ በማጣሪያው ታየ። ምድቡ ግብፅን፣ ኬንያንና ቶጎን የያዘ ነበር። ኮሞሮስ ቶጎን ሎሜ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ከግብፅ ጋር በዋና ከተማዋ ሞሮኒ 0 ለ 0 ወጣች፤ ኬንያንም እዚያው ሞሮኒ ላይ 2 ለ 1 ረታች። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ከቶጎ ጋር ያለ ጎል ስትለያይ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ ትኬት ቆረጠች። ከአራት ቀን በኋላ ካይሮ ላይ 4 ለ 0 ተሸንፋለች፤ ያ ሽንፈት ማንንም አላስጨነቀም፤ በሩን አልፋ ነበርና።

ውድድሩ፦ ከመጨረሻ ወደ ጥሎ ማለፍ

በካሜሩን የደረሳት ምድብ ሞሮኮን፣ ጋናንና ጋቦንን የያዘ ነበር። ኮሞሮስ በፊፋ ሰንጠረዥ 132ኛ ነበረች። ጥር 2 በጋቦን 1 ለ 0፣ ጥር 6 በሞሮኮ 2 ለ 0 ተሸነፈች። በሞሮኮው ጨዋታ በረኛዋ ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። ቢሆንም ሁለት ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል። ብዙዎች ዕቃዋን እንደምትሸክፍ ገምተዋል።

ጥር 10 ቀን፣ እኛ ከተራን አክብረን ቤት በገባንበት ምሽት፣ ጋሩዋ ላይ አራት ጊዜ ዋንጫ ያነሳችውን ጋናን ገጠመች። በ4ኛው ደቂቃ መራች። በ25ኛው ደቂቃ የጋናው አምበል ከኮሞሮስ በረኛ ጋር ተጋጭቶ በቀይ ካርድ ወጣ። ኮሞሮስ 2 ለ 0 መራች፤ ጋና በ10 ሰው ታግላ 2 ለ 2 አደረገች። በ85ኛው ደቂቃ ሦስተኛው የኮሞሮስ ጎል ተቆጠረ። ጋና በአንድ ነጥብ የምድቡ መጨረሻ ሆና ወደ አገሯ ተመለሰች።

ሦስት ነጥብ ግን በራሱ በቂ አልነበረም። ከስድስቱ ምድቦች ሦስተኛ ከወጡት የሚያልፉት አራት ብቻ ናቸው። ኮሞሮስ ደግሞ በጎል ልዩነት ዕዳ ነበረባት። ጥር 12 ቀን ሴራሊዮን ከኢኳቶሪያል ጊኒ አቻ ብትወጣ ኮሞሮስ ትወድቅ ነበር። ሴራሊዮን 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ በጨዋታው መገባደጃ ያገኘችውንም ፍጹም ቅጣት ምት አመከነች። ኮሞሮስ በሰው እግር አለፈች። ይህን የምጽፈው ለማሳነስ አይደለም። የትንሽ ቡድን ስኬት ሲተረክ የዕድል ድርሻ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከዚያ የሚቀዳው ሌላ ቡድን ደግሞ ያልነበረ ቀመር ይዞ ይሄዳል።

ችግሩ

ቡድኑ ሦስት በረኞች ይዞ ነበር የመጣው፤ ብዙ ብሔራዊ ቡድን የሚይዘው ያህል። የመጀመሪያው በጋናው ጨዋታ ትከሻው ተጎዳ። ጥር 14 ቀን፣ ከካሜሩኑ ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከተጫዋቾችና ከአሰልጣኝ ቡድኑ መካከል 12 ሰዎች በኮቪድ መያዛቸው ተነገረ። ቀሪዎቹ ሁለት በረኞችና ዋናው አሰልጣኝ ራሱ ከ12ቱ ውስጥ ነበሩ።

ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ከውድድሩ በፊት ያወጣው ደንብ ነበር። 11 ጤነኛ ተጫዋች ያለው ቡድን መጫወት አለበት፤ በረኛ ከሌለው ከቀሩት አንዱ ግብ ላይ ይቆማል። 11 ካልሞላ 2 ለ 0 እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ደንቡ ሲወጣ ስለ በረኛ የሚናገረው ሐረግ በእርግጥ ይሠራል ብሎ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ትክክለኛው ነበር፦ ሰው መምረጥ፣ ያውም በጊዜ። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ከጨዋታው በፊት እንደገለጸው፣ በልምምድ ላይ ግብ መጠበቅ እንደሚችል ያሳየ የሜዳ ተጫዋች ነበር፤ እሱን ለይተው አዘጋጁት። ረጅሙን አልመረጡም፤ የሚወረውረውንና የሚይዘውን መረጡ። በሰፈር ኳስ ያደግን ሰዎች ይህ ይገባናል። ሰፈር ውስጥ ጎል ላይ የሚቆመው ኳስ የማይሆንለት ልጅ ነው፤ ማንም በፈቃዱ አይገባም። እዚህ ግን ቡድኑ ጥሩ ተከላካዩን ከቦታው አንስቶ ወደ ግብ ወሰደው። በዚያ ውሳኔ የግራ መስመሩም ሳሳ፤ ያንን ዋጋ ግን አውቆ ነው የከፈለው።

ሁለተኛው እርምጃ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። በጨዋታው ዕለት ከታመሙት በረኞች አንዱ ከቫይረሱ ነጻ መሆኑ በምርመራ ተረጋገጠ። ፌዴሬሽኑ ይጫወታል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ዜናውም ተሰማ። ካፍ ግን በቫይረሱ የተያዘ ሰው አምስት ቀን ተለይቶ መቆየት አለበት በሚለው መመሪያ ጸና። በረኛው አልተሰለፈም። የቡድኑ ቁጭት ይገባኛል፤ ነጻ ነህ የተባለ ሰው ለምን ይከለከላል? ነገር ግን በአንድ ቀን ውስጥ «አንተ ትገባለህ፣ አይ እሱ ይገባል፣ አይ አንተ ነህ» የሚል መዋዠቅ ሕይወቱን ሙሉ ተከላካይ ሆኖ ለኖረ ሰው ምን እንደሚሠራበት መገመት አያዳግትም።

ዋናው አሰልጣኝ በለይቶ ማቆያ ስለነበር ምክትሎቹ ቡድኑን መሩ።

ጨዋታው

ከስታዲየሙ ውጪ የሆነው ነገር መነገር አለበት። ከጨዋታው በፊት በደቡቡ በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዙር ኦሌምቤ ሊካሄድ የነበረው ጨዋታ ወደ ሌላው የያውንዴ ስታዲየም ተዛወረ። ከሜዳ ውጪ ሰው እየሞተ ውስጥ ስለተፈጠረ «ተአምር» መጻፍ ይከብዳል፤ የዚያን ምሽት ሙሉ ምስል ግን ሁለቱም ናቸው።

በ7ኛው ደቂቃ የኮሞሮስ የ37 ዓመት አምበል የካሜሩንን አጥቂ ቁርጭምጭሚት ረገጠ። ዳኛው የቪዲዮ ምስሉን አይተው ቀይ ካርድ መዘዙ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኮሞሮስ ያለ በረኛ፣ ያለ ዋና አሰልጣኝ፣ ያለ አምበል፣ በ10 ሰው ነበረች።

ተከላካዩ ግን ሠራ። ከቅርብ የተመቱበትን ኳሶች መለሰ፤ አንዳንዱን በሰውነቱ፣ አንዳንዱን ራሱን በመወርወር። በ29ኛው ደቂቃ የመጀመሪያው ጎል ገባ፤ ሁለተኛው የገባው በ70ኛው ነው። በመካከሉ ባሉት 40 ደቂቃዎች በሜዳው ያለው ሕዝብ ለእሱ ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር። በ81ኛው ደቂቃ የኮሞሮስ የመሃል ሜዳ ተጫዋች ከሩቅ የተሰጠ ቅጣት ምት ወደ ካሜሩን ግብ አክርሮ መታ። የካሜሩኑ እውነተኛ በረኛ አልደረሰበትም። 2 ለ 1። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች አስጨንቀው የጨረሱት አሥሩ ናቸው።

ለእኛ ተመልካቾች ይህ ውጤት ሌላ ጣዕም ነበረው። ከ11 ቀን በፊት፣ ጥር 5፣ በዚሁ ሜዳ ዋልያዎቹ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፈው ነበር፤ ያውም ቀድመን አግብተን። ሁለቱ የካሜሩን አጥቂዎች ሁለት ሁለት አስቆጠሩብን። እነዚያው ሁለት አጥቂዎች በኮሞሮስ ላይ ያገቡት አንድ አንድ ብቻ ነው። ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም፤ በጥሎ ማለፍ የሚመራ ቡድን ጎል ለመደርደር አይቸኩልም። ሆኖም በዚያ ምሽት ይህን ያላሰበ ኢትዮጵያዊ የኳስ ወዳጅ የነበረ አይመስለኝም።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው የሰው ምርጫው ነው። ከተቆጠሩት ሁለት ጎሎች የትኛውንም ልምድ ያለው በረኛ ቢኖር ያድነው ነበር ብዬ በእርግጠኝነት አልናገርም። በረኛ የማጣት ችግር በዚያ ምሽት ዋጋ ያስከፈለው ከተፈራው ያነሰ ነው።

ያልሠራው የአደጋ ስሌቱ ነው። በረኛ የሌለው ቡድን መከላከያው አጥቂውን ከግብ ማራቅ አለበት፦ ቦታ መዝጋት፣ ወደ ሳጥኑ የሚሻገረውን ኳስ ከመነሻው ማቋረጥ፣ ቅጣት ምት አለመስጠት። ይህ ሁሉ በ11 ሰው የሚሠራ ነው። አንድ ሰው ሲጎድል የመጀመሪያው የሚጠፋው በትክክል ይህ ሽፋን ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ከማንኛውም ቀን በላይ መከልከል የነበረበት ነገር ቀይ ካርድ ነበር። ስለ ጓንቱ ሁለት ቀን ሙሉ ታሰበ፤ በጨዋታው የመጀመሪያ ሩብ ሰዓት እግር ስለማሰብሰብ ያንን ያህል የታሰበ አይመስልም። እርግጥ ነው፣ አምበሉ ሆን ብሎ አልረገጠም። እልህና ጫና ባለበት ምሽት ግን ልምድ ያለው ሰው ጭምር ያለ ጊዜው ይገባል።

እኛም ይህን በራሳችን አይተናል። ጥር 1 ቀን በዚያው ውድድር ከሌላዋ የደሴት አገር ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስንጫወት በ12ኛው ደቂቃ ተከላካያችን በቀይ ካርድ ወጣ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በረኛችን በቀይ ሲወጣ ቅያሪ ጨርሰን ስለነበር ፍጹም ቅጣት ምቱን ለመጠበቅ የቆመው የሜዳ ተጫዋች ነበር። ገባ። ለዚያ ተጫዋች የተሰጠው የዝግጅት ጊዜ ጓንት እስኪያጠልቅ ድረስ ያለው ብቻ ነው። የኮሞሮሱ ሁለት ቀን ነበረው፤ ልዩነቱም ሜዳ ላይ ታይቷል።

ለሌላ ቡድን የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ እኔ ለማሠለጥናቸው ታዳጊዎች በቀጥታ የወሰድኩት አንድ ተግባር ነው፦ በወር አንድ ቀን፣ ልምምድ ሲያልቅ፣ ሁሉም የሜዳ ተጫዋች በተራ ግብ ላይ ይቆማል። እንደ ጨዋታ ያዩታል፤ ይስቃሉ። እኔ ግን ማን ኳስ እንደማይፈራ ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ። በውድድር ቀን ያ ስም አስቀድሞ ይታወቃል፤ ልጁም ያውቀዋል። ዋናው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሌላው ትንሽ ከበድ ይላል። አንድ ትልቅ ጉድለት ሲገጥም የቡድኑ ሐሳብ በሙሉ ወደዚያ ጉድለት ይሰበሰባል፤ የቀረው እንደ ወትሮው የሚቀጥል ይመስላል። ግን አይቀጥልም፤ በረኛ ሲጠፋ የአማካዩም፣ የአምበሉም፣ የተከላካዩም ሥራ ይለወጣል። ለእያንዳንዳቸው «ዛሬ የአንተ ሥራ በዚህ ተቀይሯል» ተብሎ መነገር ነበረበት። የተነገራቸው ይሁን አይሁን ከውጪ ማየት አይቻልም፤ 7ኛው ደቂቃ ግን ጥርጣሬ ያሳድራል።

ከበላይ አካል ጋር የሚደረግ ክርክርም የጊዜ ገደብ ያስፈልገዋል። መከራከር ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ ሰዓት በኋላ ውሳኔ ቢመጣም አሰላለፉ አይቀየርም ተብሎ ቀድሞ ሲወሰን፣ ቢያንስ የሚገባው ሰው ራሱን ያዘጋጃል።

ስለ ትውልደ ኮሞሮስ ተጫዋቾች ምልመላ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው ጊዜውን ብቻ ነው። አሰልጣኙ ከተሾመ እስከ ካሜሩኑ ውድድር ከሰባት ዓመት በላይ አለፈ። በመካከሉ ብዙ ሽንፈት ነበር፤ አላባረሩትም።

ከዚያ በኋላ

አሰልጣኙ በዚያው ዓመት ወደ ሞሪታንያ ብሔራዊ ቡድን ተሻገረ። ጥር 2016 ዓ.ም. ሞሪታንያ አልጄሪያን 1 ለ 0 አሸንፋ ከአፍሪካ ዋንጫው ስታስወጣ ወንበሩ ላይ የነበረው እሱ ነው።

ኮሞሮስ ቀጣዩን የአፍሪካ ዋንጫ በማጣሪያ አጣች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማጣሪያ ግን ቱኒዚያን፣ ጋምቢያንና ማዳጋስካርን በልጣ ምድቧን በአንደኝነት ጨረሰች፤ ቱኒዚያንም በቱኒዚያ ሜዳ 1 ለ 0 ረታች። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ጋና ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እስከ ሞሮኒ መጣች። ኮሞሮስ 1፣ ጋና 0። በዚያ ቀን ግብ ላይ የቆመው በረኛ ነበር።